አንድ ተብላ የተጻፈችው ልጅ

በቀበሌው መዝገብ መሠረት፣ ተገኝ የሚባለው እንጨት ሰንጣቂ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሞላው ወንድ ልጅ አለው፤ ልጁ ለብሔራዊ ውትድርና ተጠርቶ አልቀረበም፤ አባትየው ደብቆታል። በሚስቱ በያለምወርቅ አንደበት ደግሞ፣ እሷና ተገኝ ከተጋቡ ጀምሮ የወለዱት አንድ ልጅ ብቻ ነው፤ እሷም ሽታዬ የምትባል ሴት ልጅ ናት፤ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ትማራለች፤ በየቀኑ ሰማያዊ የደንብ ልብሷን ለብሳ በቀበሌው ጽሕፈት ቤት ደጃፍ ታልፋለች፤ ከማንም ተደብቃ አታውቅም። መዝገቡ ማኅተም አለው። ያለምወርቅ ማኅተም የላትም። ስለዚህ ተገኝ ረቡዕ ዕለት ከሥራ ቦታው ተወሰደ፤ ቅዳሜ ጠዋት ደግሞ ምልምሎቹን የሚጭነው መኪና እሱንም ጭኖ አርባ ምንጭ ወህኒ ቤት ያደርሰዋል ተባለ። ዛሬ ዓርብ ነው።

ያለምወርቅ ሳይነጋ ተነስታ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። የእሷ ቤትና የአረጋሽ ቤት የሚካፈሉት አንድ የጭቃ ግድግዳ ነው። አረጋሽ የተገኝ ታላቅ እኅት ናት፤ ባሏ ሲሞት ተገኝ የቤቱን ጎን ቀጥሎ ሁለት ክፍል ሠራላትና ከልጇ ከታደለ ጋር አስገባት። ግድግዳው ስስ ስለሆነ አንዷ ክብሪት ስትጭር ሌላዋ ትሰማለች። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ አረጋሽ በማለዳ ግድግዳውን በጣቷ መታ መታ አድርጋ “ያለም፣ ነቃሽ?” ሳትል የዋለችበት ቀን የለም፤ ያለምወርቅም “ነቅቻለሁ እትዬ” ትላለች፤ ከዚያ በኋላ ነው ለሁለቱም ቤት ቀኑ የሚጀምረው። ከረቡዕ ወዲህ ግን ግድግዳው አልተመታም። አረጋሽ ማዶ እንዳለች ይታወቃል፤ ትስላለች፤ ድስት ታነሳለች፤ ድስቱን ስታስቀምጥ ድምፅ እንዳያሰማ ቀስ ታደርገዋለች። የታደለ ድምፅ ግን የለም። ተገኝ በታሰረ ማታ እናቱ “አልዱባ ማር ሊሸጥ ሄደ” አለች። የሄደው የአልዱባ ገበያ በተበተነ ማግስት ነው። ያለምወርቅ ይህን ስትሰማ “በደህና ይመለስ” አለች፤ አረጋሽ ግን አሜን አላለችም።

ሽታዬ ቦይና የሚሉትን ሥራ ሥር ቀቅላ በሳህን አቀረበችላትና ከጎኗ ቆመች። ያለምወርቅ አንዱን ልጣ መልሳ አስቀመጠችው። የምትሸጠው በርበሬና ጨው በማዳበሪያ ከረጢት እንደታሰረ በሩ ሥር ቁጭ ብሏል፤ ለሦስት ቀን ጉልት አልወጣችም። ጨው ከሚመጣበት ተወዷል፤ ቀድሞ በሃያ አምስት ሳንቲም ትመድበው የነበረው አሁን በሽልንግ፣ በሃምሳ ሳንቲም፣ ካልሆነ አያዋጣትም፤ የአሪ ገበሬዎች ደግሞ ቆጯቸውን ሸጠው ሽልንግ ስትላቸው ስቀውባት ያልፋሉ። ይህን ሁሉ በሌላ ቀን ከግድግዳው ማዶ ላለችው ታወራው ነበር።

ቀበሌ ስትደርስ ፀሐፊው ነጋሽ በሩን ገና እየከፈተ ነው። ነጋሽ ቀጭን፣ ትሑት፣ ሰው ሲያናግር ዓይኑን መሬት ላይ የሚተክል ወጣት ነው። ከደጃፉ ላይ አብዮት ጠባቂው ሶርሳ ጠመንጃውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ የሸንኮራ አገዳ ይመጠምጣል።

“ነጋሽዬ፣ ከልጄ ስም ጎን ያለችውን አንድ ሰርዘህ ሁለት ብትጽፋት ምን ትሆናለህ?” አለች።

“እኔስ ምንም አልሆን እትዬ። እዚህ ያለው ግን ቅጂው ነው። ዋናው አርባ ምንጭ ነው። እዚህ ብሰርዛት እዚያ ያለችው አንድ፣ አንድ እንደሆነች ትቀራለች።”

“ለመሆኑ ሰውን በቁጥር መጻፍ ማን ያመጣው ነው? ወንድ፣ ሴት ብላችሁ ብትጽፉ እንዲህ ያለ ነገር ይመጣ ነበር?”

ነጋሽ መዝገቡን ከፍቶ ዘጋው። ለሥልጠና ሄደው በነበረ ጊዜ አሠልጣኙ በጥቁር ሰሌዳ ላይ የጻፈላቸውን ነገራት፤ ይህ የአንድ አገር ሕግ አይደለም፣ በመላው ዓለም ስምምነት የተደረገበት ደንብ ነው፣ ፈረንጁም ቻይናውም ወንዱን አንድ፣ ሴቷን ሁለት ብሎ ነው የሚጽፈው፤ ቁጥር በማንኛውም ቋንቋ ያው ስለሆነና ለመቁጠሪያ መኪናም ስለሚመች። ላልታወቀ ሰው ዜሮ አለ፤ ነገሩ ለማይመለከተው ደግሞ ዘጠኝ አለ።

ያለምወርቅ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ አስተካክላ ጠጋ አለች። “እንግዲያው ዜሮ ጻፍላት። ያልታወቀች በላት። እኔ አይከፋኝም።”

“ዜሮ ለእኛ አልመጣም እትዬ። ደንቡ ላይ አለ፤ ቅጻችን ላይ የለም። ከላይ ሲታተም ሁለቱን ብቻ አድርገው ነው የላኩልን።”

“ዘጠኝ ይሻል ነበር” አለ ሶርሳ የመጠመጠውን አገዳ እየተፋ። “ውትድርና የማይመለከታት።” በራሱ ቀልድ ሊስቅ ጀምሮ የያለምወርቅን ፊት ሲያይ ተወው።

ሊቀመንበሩ ጓድ ተፈሪ ከውስጥ ወጣ። ከአብዮቱ በፊት ልብስ ሰፊ ነበር፤ ዛሬም ሲቆም እንደ ልብስ ሰፊ ትከሻው ጎበጥ ይላል። ክፉ ሰው ነው የሚለው የለም። የራሱን የመጀመሪያ ልጅ በመጀመሪያው ዙር ልኮ፣ ልጁ ከአፋቤት ግንባር አንድ ደብዳቤ ከጻፈ በኋላ ድምፁ እንደጠፋ ከተማው ሁሉ ያውቃል።

“ወይዘሮ ያለምወርቅ፣ ትናንት ልጅሽን አምጥተሽ አሳይተሽኛል። ሴት ናት፤ አይቻለሁ። ግን ዓይኔን አርባ ምንጭ ልልከው አልችልም።” ድምፁን ዝቅ አደረገ። “ከእናንተ ግቢ የተቆጠሩት ልጆች አንድ ወንድና አንድ ሴት ናቸው። ድምሩ ልክ ነው። ሽታዬን ሁለት ናት ብዬ ብጽፍ፣ ‘አንዱ፣ ወንዱ የታለ?’ ይሉኛል። አንዱ የት እንዳለ እኔም አንቺም እናውቃለን። አረጋሽ መጥታ ‘አንዱ የእኔ ልጅ ነው’ ብላ ትፈርም፤ ተገኝ ዛሬውኑ ቤቱ ይገባል።”

“አንተ ታውቅ የለም? ለምን አንተ አትጽፈውም?”

“የመበለት አንድ ልጅ ነው” አለ ተፈሪ። “የራሴን ሰጥቻለሁ። የሰው ልጅ ግን በጣቴ አልጠቁምም። ራሷ ትምጣ፤ ወይ አንቺ አምጫት።”

ይህን ነገር ያለምወርቅ ከረቡዕ ጀምሮ ታውቀዋለች። ማንም ባይነግራትም ታውቀው ነበር። ባሏን የምታስፈታው አንዲት ቃል ናት፤ ቃሏም እዚያው ከግድግዳው ማዶ ናት፤ ግን አንዲት እናት ለሌላዋ እናት በምን አፏ ትነግራታለች? ሌላ መንገድ ስትፈልግ “የሐኪም ወረቀት ባመጣስ?” አለች። ተፈሪ አሰበና፣ የሐኪም ማስረጃ ከተያያዘ ይግባኝ ተብሎ ሊላክ እንደሚችል ተናገረ። ነጋሽም የትብብር ደብዳቤ ጻፈላት። ስም፣ ዕድሜ፣ የቤት ቁጥር፣ ጾታ። ጾታ የሚለው ጋ ሲደርስ እጁ ቆመ፤ ከመዝገቡ የተለየ ደብዳቤ ማኅተም ስለማይመታበት፣ አንድ ብሎ ጻፈ።

ጤና ጣቢያው ውስጥ የታማሚው ወረፋ ከበረንዳው አልፎ እስከ ግራር ዛፉ ይደርሳል። ሽታዬ ከትምህርት ቤት ተጠርታ መጥታ ከእናቷ ጎን ቆመች። ሁሉም ዶክተር የሚለው ድሬሰሩ፣ የጤና ረዳቱ ሙሴ፣ ደብዳቤውን አነበበ፤ ሽታዬን ቀና ብሎ አየ፤ ደግሞ ደብዳቤውን አነበበ።

“ደብዳቤው የሚጠይቀኝ ስለ አንድ ወንድ ነው። ያመጣሽልኝ ሴት ናት። ‘መርምሬያታለሁ፣ ሴት ናት’ ብዬ ብጽፍ ‘የመረመርከው ሌላ ሰው ነው፣ የተጠየቅኸውን አላየህም’ ይሉኛል።”

“እንዲያው ያየኸውን ጻፍልኝ ዶክተር።”

“ወረቀት ያለኝ ለበሽታ ነው። ሳንባው፣ ዓይኑ፣ እግሩ፣ እሱን ልጽፍልሽ እችላለሁ። ሴት መሆን በሽታ አይደለም።”

“ታማለች በልልኛ!”

“ታሟል ማለት እኮ አለ ማለት ነው። ‘የታመመውን ይዘሽ ቅረቢ’ ቢሉሽስ?” ሙሴ ብዕሩን ክዳን ውስጥ ከተተ። ቁጣ አልነበረበትም፤ ድካም ነበረበት። “እናቴ፣ እኔ ባልጽፍ ይሻልሻል።”

ወረፋው ላይ ያሉት ሁሉ ሰምተዋል። ሕፃን ያዘለች አንዲት ሴት “ልብሷን አውልቃ አደባባይ ትቁምላቸዋ!” አለች፤ ከወደ ኋላ አንዱ “እኔ እመሰክራለሁ!” ሲል ሳቅ ሆነ። ሽታዬ ደብተሯን ደረቷ ላይ አጣብቃ መሬት መሬት እያየች ወጣች። እናትና ልጅ የአውሮፕላን ሜዳውን አቋርጠው ተመለሱ። ሜዳው ላይ ሣሩ አድጓል፤ ከብቶች እየጋጡ ነው፤ ነፋሱ የዝናብ ሽታ ከባኮ ተራሮች ያመጣል። መሐል ሲደርሱ ሽታዬ ቆመች።

“እማዬ፣ እኔ ልሂድ። ሴቶችም ይሄዳሉ። ምግብ የሚሠሩ አሉ፤ ቁስለኛ የሚያክሙ አሉ። ተጠርቻለሁ፤ ቀረብኩ እላቸዋለሁ።”

“ዝም በይ።”

“አባዬ ወህኒ ከሚገባ...”

“ዝም በይ አልኩሽ! ፈተናሽን ተፈተኚ።”

ፈተናው ማትሪክ ነው። ለመመዝገብ ከቀበሌ የነዋሪነት ወረቀት ያስፈልጋል፤ ወረቀቱን ሳያመጣ ስሙ የሚላክ ተማሪ የለም። ተገኝ ሁለት ዓመት ሙሉ ከመጋዙ ላይ ሲወርድ የሚያወራው ስለዚህ ፈተና ነበር፤ ልጁ አዋሳ ወይ ዓለማያ ገብታ ቀይ ደብተር ይዛ ስትመጣ ያያታል፤ ደብተሩ ለምን ቀይ እንደሆነ ለራሱም አይገባውም። ያለምወርቅ ልጇን ወደ ክፍሏ መለሰቻትና ብቻዋን ወደ ተዘጋው ጸሎት ቤት ሄደች።

ጸሎት ቤቱ ከተዘጋ ዓመታት አልፈዋል፤ አሁን የቀበሌው መጋዘንና እስር ቤት ሆኗል። በአንድ ጥግ የኅብረት ሱቁ የሳሙና ካርቶንና ባዶ የስኳር ጆንያ ተከምሯል፤ በሌላው ጥግ ጥሪውን ሸሽተው የተያዙ ጎረምሶች ተኮልኩለዋል። ተገኝ ረጅሙ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ያንን አግዳሚ የሰነጠቀው ራሱ ነው፤ በዚያ ዘመን እሑድ እሑድ እዚሁ ላይ ተቀምጦ ይዘምር ነበር። አጎንብሳ ስትገባ ሲያያት ፈገግ ሊል ሞከረ።

“ዋስ አምጥተሽ ይዘሽኝ ልትወጪ ነው?”

ያመጣችለትን ቦይና ፈታችለት። ለመብላት አልቸኮለም። ጣቶቹ ላይ የመጋዝ ጠባሳ አለ፤ አንዱን ጠባሳ በሌላው ጣቱ ያሻሻል።

“የኔ ጥፋት ነው” አለ። “ቆጣሪዎቹ የመጡ ቀን ትዝ ይልሻል? ዝናብ ነበር። ከአዋቂ ጀምረው ስማችንን ጻፉ፤ ቀጥለው ልጆቹን በዕድሜያቸው፣ ሽታዬን አስቀድመው፣ በወራት የሚያንሳትን ታደለን አስከትለው። ከዚያ ‘አባወራው፣ ወንዱን አንድ፣ ሴቷን ሁለት እያልክ ቁጥሩን ጥራልን’ አሉኝ። እኔ ምን አወቅሁ? ልጆቹ ላይ ስደርስ ወንዱን አስቀድሜ ጠራሁ፤ አንድ፣ ሁለት አልኩ። አባቴ ልጅ ሲቆጥር ወንዱን ነው የሚያስቀድመው፤ ያለ ወንድ ልጅ ቆጠራ አይጀመርም። ቆጣሪውም በሰጠሁት ቅደም ተከተል ጻፈ፤ ለሽታዬ አንድ፣ ለታደለ ሁለት።”

“ታደለ ያንተ ልጅ አይደለም” አለች ያለምወርቅ። ቃሉ ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው የሰማችው።

ተገኝ ቀና ብሎ አያት። “ከሥር ሆኖ መጋዙን የሚስበው ማነው? ብናኙ ዓይኑ ውስጥ የሚገባው ማን ነው? አባቱን ከቀበርን ወዲህ ማነው ያሳደገው?” ከጎረምሶቹ አንዱ ይስላል። “እኅቴን እንዳትጠይቂያት። ሰምተሻል? አፍ አውጥተሽ እንዳትጠይቂያት። ወህኒ ቤት ሰው ይኖርበታል፤ የሄድክበት ጦርነት ግን...” አልጨረሰውም። “ልጁን እንዳትነኪው።”

“እኔስ? ሽታዬስ? ማን ያኖረናል?”

ተገኝ ቦይናውን ከፍሎ ግማሹን መለሰላት፤ እንደማትበላው እያወቀ። ሶርሳ በሩ ላይ ጉሮሮውን ጠረገ፤ ሰዓቱ እንደደረሰ በአፉ መናገር አፍሮ ነው። ያለምወርቅ ስትወጣ ሶርሳ በተሰባበረ አማርኛው “ብርድ ልብስ አምጪ። የመኪና ላይ ብርድ ክፉ ነው” አላት። እስከዚያ ድረስ የሆነ ሰው የሆነ ቦታ ላይ ‘ስህተት ነው’ ብሎ ሁሉንም እንደሚመልሰው ውስጧ ያምን ነበር።

ቤቷ ደርሳ ብርድ ልብሱን አጣጠፈች። ከግድግዳው ማዶ አረጋሽ አለች፤ ወንበር ላይ ስትቀመጥ ወንበሩ ሲንጣጣ ተሰማ። ያለምወርቅ ብርድ ልብሱን እንዳቀፈች ግድግዳው ጋ ቆመች። ጣቷን አነሳች። ብትመታው አረጋሽ “አቤት” ትላለች፤ አቤት ካለች በኋላ ደግሞ የሚቀጥለውን ቃል መናገር ግድ ነው። ማዶም ትንፋሽ የተያዘ ይመስላል። ያለምወርቅ ጣቷን መለሰችና ወጣች።

ቀበሌው ጽሕፈት ቤት ስትደርስ ፀሐይ እየጠለቀች ነው። ጓድ ተፈሪ ነገ የሚጫኑትን ስም ለመጨረሻ ጊዜ እያመሳከረ፣ ነጋሽ መዝገቡን ዘርግቶ ከጎኑ ተቀምጧል። አግዳሚው ላይ ተራ የሚጠብቁት ወላጆች ናቸው። ከያለምወርቅ ፊት ያለችው ዘሪቱ የምትባለው ጥጥ ፈታይ ነበረች። ተራዋ ሲደርስ የልጇን ስም ጠሩት።

“ልጄ የለም” አለች ዘሪቱ። “ቆላ፣ ካንጋተን ለሥራ ወርዶ ወባ ገደለው። እዚያው ቀበሩት። አፈሩን እንኳ አላየሁም።”

ተፈሪ ብዕሩን አስቀመጠ። “ነፍሱን ይማር” አለ። “ምስክር አለሽ?” ከኋላ የመጣው ወንድሟ እጁን አነሳ። ነጋሽ መዝገቡ ላይ በቀይ አንድ መስመር አሰመረ፤ ከአጠገቡ ‘ሞቷል’ ብሎ ጻፈ። አለቀ። የሐኪም ወረቀት ያለ የለም፤ አርባ ምንጭ ያለ የለም፤ ድምሩ ልክ አልሆነም ያለ የለም። ዘሪቱ ወጣች፤ ቀዩ መስመር ገና አልደረቀም።

ያለምወርቅ መስመሩን አየችው። የሞተ ልጅ ደብቀሃል ተብሎ የሚታሰር አባት የለም።

“ወይዘሮ ያለምወርቅ” አለ ተፈሪ። “አረጋሽን አነጋገርሻት?”

በዚህ ጊዜ በሩ ላይ አረጋሽ ቆመች። ለወንድሟ ያመጣችው ምግብ በሳህን እንደታሰረ እጇ ላይ ነው፤ ነጠላዋን በጥቁር ጥለቱ በኩል ለብሳለች። ቀኑን ሙሉ ስታለቅስ እንደዋለች ዓይኗ ያስታውቃል። ሁሉም ዞሮ አያት። አረጋሽ ወደ ጠረጴዛው ሁለት እርምጃ መጣች፤ ያለምወርቅን ግን አላየቻትም፤ ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፤ ለመናገር አየር ሳበች። ‘ጻፉት’ ልትል ይሁን ‘አልሰጥም’ ልትል፣ ያለምወርቅ ልትሰማው አልፈለገችም። የቱንም ብትሰማ ነገ ጠዋት ከዚያ ግድግዳ ጋር መኖር አትችልም።

“እሷን ተዋት” አለች ለተፈሪ፣ ድምፏ ከጠበቀችው በላይ ወጣ። “ተራው የኔ ነው።”

ነጋሽ ምን ልትል እንደሆነ ገብቶት በቀስታ ወደ እሷ አጎነበሰ። “እትዬ፣ አስቢበት። ከዚህ መዝገብ የወጣ አይመለስም። የነዋሪነት ወረቀት አልጽፍላትም። የፈተናው ምዝገባ የፊታችን ሳምንት ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሞላትን ልጅ ዛሬ ተወለደች ብዬ ልጽፍልሽ አልችልም።”

“አውቃለሁ።”

“ሽታዬ ታውቃለች?”

ያለምወርቅ ወደ መዝገቡ ተጠግታ የልጇን ስም ፈለገች፤ ማንበብ ባትችልም ነጋሽ በጣቱ ሲያሳያት በረቡዕ ዕለት መስመሩን ለይታዋለች። ከጎኑ ያለው ነጠላ ቁጥር እንደ ቆመ እንጨት ቀጥ ብሏል። አረጋሽ ከኋላዋ መጥታ በጣም ተጠግታ ቆማለች፤ ትንፋሿ ማጅራቷን ይነካዋል። ለሁለት ቀን ተኩል እንዲህ ተቀራርበው አያውቁም። ተፈሪ ሁለቱንም ሴቶች በየተራ አየ፤ ከዚያ ዓይኑን ወደ መስኮቱ መለሰ፤ መስኮቱ ላይ የሚታይ ነገር ግን አልነበረም።

ያለምወርቅ እጇን ወደ ኋላ ሰድዳ የአረጋሽን ክንድ ያዘችና ወደ ጠረጴዛው ወደፊት ሳበቻት።

“ጻፍ ነጋሽ” አለች፣ አግዳሚው ላይ ያሉት ሁሉ እንዲሰሙ ጮክ ብላ። “ወንድ ልጅ ነበረኝ። ሽታዬ ይባል ነበር። ሞቷል። ምስክሬ አክስቱ ናት።”